ለክፉ ቀን እሳት

በጥቅምት ማለቂያ፣ ቅጠሉ ሲያልቅለት፣
ብርዱ ገና በሩቅ ዊኒፔግን ሲያማት፣
ሳርጀንት ጎዳና፣ የካምፕ ዕቃ ቤት፣
ሦስት ምድጃ ፊት ቆምሁ አንድ ሰዓት።
እንደ በቅሎ ገዢ፣ ጥርስ ገልጦ እንደሚያይ፣
አንዱን በአፍጢሙ፣ አንዱን ወደ ላይ።

ነገሩ የአምና ነው፤
ዝናብ በረዶ ሆኖ ሽቦው ላይ ሲጫን፣
አሥራ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሄደብን።
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቤታችን ሆኖ ዋሻ፣
ሁሉም በኤሌክትሪክ፣ የለንም መሸሻ፤
የሶስናን ጡጦ በብብቴ ይዤ፣
አሞቅሁት ስል አደርሁ፣ እኔው ደንዝዤ።
እሷስ ጠጣች፣ ተኛች።
ያ ብርድ እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ምድጃ፣ ብርቱካን ሻንጣ ውስጥ፣
ሠላሳ ዶላር ነው፣ ልብን የሚያቀልጥ።
የጋዝ ጣሳ ጎርሶ፣ ቁልፉን ሲያዞሩት፣
ቀጭ ብሎ ይነዳል ያለ አንዲት ክብሪት።
«ይኸው ነው!» አለችኝ ምንትዋብ በስልክ፤
«ወጥ ቤቴን አያቆሽሽ፣ ደግሞም የሚያምር መልክ።»

ሻጩ ግን፣ ጋርኔት፣ ሽማግሌው ሰው፣
ሁለት የጣቱን ጫፍ ብርድ ያስገበረው፣
ሣቀና፣
«ሐምሌ ላይ፣ ሐይቅ ዳር፣ ይሄን የሚያህል የለም፤
ውኃ በረዶ ሲሆን ግን ይሄ አይነሣም።
ጣሳው ሙሉ ሳለ እሳቱ ይከዳል» አለኝ።
ሙሉ ሆኖ ባዶ! ስንቱን አውቀዋለሁ፤
የበጋ ወዳጄን አንድ ሁለት ቆጠርሁ፤
ለጋርኔት አልነገርሁም።

ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት ዓይን፣
ድስትና ማንቆርቆሪያ እኩል የሚጭን፣
ሠርግም ይወጣዋል። ታዲያ ሲሊንደሩ
ሕፃን ነው ክብደቱ፤ በሕንፃው በሩ
«ሲሊንደር ክልክል ነው» ተለጥፏል በቀይ።
አለፍሁት፣ ዳግም ሳላይ።

ሦስተኛው አስቀያሚ።
ሦስት እግር፣ እንደ ፌንጣ፤ ጎኑ ላይ ጠርሙስ፤
ሃያ ጊዜ ሳይነፉት የማይዘራ ነፍስ።
ሲነሣ ይቆጣል፣ ቅንድብ ይለበልባል፣
ከዚያ ሰማያዊ ሆኖ ይረጋጋል።
«አርባ ከዜሮ በታች፣» አለኝ፣ «ሞክሬዋለሁ፤
ስምንት ጣት ያተረፍሁት በሱ ነው።» ስምንቱን አየሁ።
«ግን ቤት ውስጥ እንዳትለኩሰው!
ያ ጭስ ሽታ የለው፤ እንቅልፍ መስሎ ገብቶ፣
ቤተሰብ ይወስዳል መብራቱን አጥፍቶ።»
ይሄንስ አውቃለሁ፤ የከሰል አገር ሰው ነኝ።

ምንትዋብ ጠየቀች፦ «ማነው የሚነፋው?»
«እኔ።»
«ሲቆሽሽስ?»
«እኔ።»
«ቅንድብህስ?»
ዝም።
መቶ አርባ ዶላር ከፈልሁ።

ኅዳርን ጠበቅሁ፤ ታኅሣሥን፤ ጥር።
መብራት አልጠፋም።
ሽቦው ላይ በረዶ ባየሁ ቁጥር፣
ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ሽቦውን ይጎትታል።
ምንትዋብ ቁም ሣጥን በከፈተች ጊዜ፣
«ዘማችህ» ትላለች፣ «ተኛ በትካዜ።»

በመጋቢት አንድ ማታ ድርግም አለ።
ጫማዬን ሳላስር በረንዳ ላይ ደረስሁ፤
ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች፤ ተንበርክኬ ነፋሁ፣ ነፋሁ፤
ቡፍ! ቀኝ ቅንድቤ ሄደ። ከዚያ ሰማያዊ አበባ፤
ወተቱ በድስቱ ጠርዝ አረፋ ሲያነባ፣
ልክ ለብ ሲል፣
መብራቱ መጣ።
ሃያ ደቂቃ። መቶ አርባ ዶላር።
ሶስና አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ደፍጥጣ፣
«የውጪውን!» አለች፣ «የውጪውን ወተት!»

ከጎን በረንዳ ላይ ወይዘሮ ኦልሃ፣ የሰማንያ ዓመቷ፣
ቤቷ ቦግ ብሎ፣ የራሷ ምድጃ ደኅና ሳለ፣
በካፖርት ወጥታ እሳቱን አየችው።
ማንቆርቆሪያዋን በብረት አጥሩ ላይ አሳልፋ ዘረጋችልኝ፤
ምንም አላለች።
እኔም ደግሜ ነፋሁ።